ትንፋሿን የዋጠች ሞተር

ሰው የልቡን ሰው ሠርግ ቤት ያገኛል፤ ታክሲ ውስጥ ያገኛል፤ ትምህርት ቤት ያገኛል። እኔ የኔን ያገኘሁት የመኪና ጭስ ማውጫ፣ ማርሚታ ውስጥ ነው። አትሳቁ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

የአባዬ ጋራዥ ሰፊ አይደለም። ከፊት መኪና ይቆማል፣ ግድግዳው ላይ መፍቻዎች በየቁመታቸው ተሰቅለዋል፣ ከኋላ አንዲት መስኮት ያላት ትንሽ ክፍል አለች። አባዬ ልቡን ታክሞ ከሆስፒታል ሲወጣ ቤት ልውሰድህ ብለው እንቢ አለኝ፤ አልጋውን እዚያች ክፍል አስገባ። ሐኪሙ ዕረፍት ያስፈልግሃል ብሎት ነበር። አባዬ ዕረፍት ማለት ሞተር እየሰሙ መተኛት ነው ብሎ ተረጎመው።

እኔን የሚጠራኝ «ጥሩምባዬ» እያለ ነው። ድምፄ ሦስተኛው ቤት ድረስ ስለሚሰማ ነው፤ አልክድም።

አክስቴ፣ የአባዬ ታላቅ እህት፣ በዚያ ሰሞን አንድ ዘፈን ብቻ ነበራት። ሴት ልጅና ሞተር ምን አገናኛቸው፣ ወንድሜ ታሟል፣ ጋራዡ ይከራይ። እንዲያውም አንድ የሴራሚክ ነጋዴ አነጋግራ ጨርሳ ነበር። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አባዬ መሀል ገብቶ ዳኘን። ጋራዡ ውስጥ የቆመችውን የውድድር መኪና ሞተር ብቻዬን ፈትቼ ከገጠምኩና መኪናዋ ለውድድሩ ከደረሰች፣ ጋራዡ የኔ ይሆናል። ካልሆነ ቁልፉን ለአክስቴ አስረክባለሁ። እሺ አልኩ። ምን ምርጫ ነበረኝ?

ሞተሯ ሮተሪ ናት። እንደ ሌሎቹ ፒስተን ወደ ላይ ወደ ታች የሚልባት አይደለችም፤ ሆዷ ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው የሚሽከረከረው። በየማዕዘኑ ጫፍ ላይ ግፊቱ እንዳያመልጥ የምትጠብቅ ቀጭን ዘብ አለች። እነዚያ ቀጫጭኖች በደንብ ካልተቀመጡ ጉልበት የሚባል ነገር የለም። እኔ ደግሞ እያንዳንዷን ትንፋሼን ይዤ ነው ያስቀመጥኳት።

የመኪናዋ ባለቤት አንድ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። የሚነዳት የወንድማቸው ልጅ ነው። ከዝምታው የተነሳ ስሙን ትተን «ጭምቱ» እንለው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሥራሽን ልይ ብሎ ይመጣል፣ የተደፋ ሳጥን ላይ ይቀመጣል፣ ሳልጠይቀው ብሎኖቹን በቤንዚን ያጥባል። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም እጁ ላይ ያለውን ብሎን ማጥናት ይጀምራል። ወሬውን እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ። እሱ ሲሄድ ጋራዡ ጭር እንደሚልብኝ ያወቅኩት ቆይቼ ነው፤ የሚናገረው እኔ ሆኜ ሳለ ምኑ ጭር እንደሚል አይገባኝም ነበር።

ሞተሯን መጀመሪያ ያስነሳናት ቀን ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ሮተሪ ስትጮህ ቀልድ የላትም። አባዬ ከኋላ ክፍል ሆኖ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ። ጭምቱ በመስኮቷ አየው። እኔ ደስታ አስክሮኝ ልብ አላልኩም። አዲስ የተገጠመ ሞተር ወዲያው አይጋለብምና ጥቂት ቀን ቀስ እያለ ነዳት። ምንም እንከን አልነበራትም።

ከዚያ እኔ አባዬን ለምርመራ ወስጄ ሆስፒታል ዋልኩ። በማግስቱ መኪናዋ ለሙከራ ሜዳ ወጣች። ጭምቱ ነዳጁን እስከ ግማሽ ሲረግጠው ትሄዳለች። ከዚያ ሲያልፍ ትታፈናለች። በቀጥታው መንገድ ላይ ሬሳ እንደተሸከመች ተጎተተች።

ሽማግሌው ችግሩ አገጣጠምሽ ላይ ነው አሉኝ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተስተካከለች ሌላ ጋራዥ ወስደው እንደሚያስከፍቷትም ነገሩኝ። እኔ የገጠምኩት ሞተር ሌላ ቤት ሄዶ ተከፈተ ማለት ነገሬ አበቃለት ማለት ነው። ጭምቱን አየሁት። አንዲት ቃል ይተነፍስልኛል ብዬ ነበር። እሱ መሬት መሬት ያያል። ሳጥኑን ከቦታው አንስቼ ወዲያ ወረወርኩት፤ ሲመጣ ቆሞ ይዋል ብዬ።

አክስቴ ወሬው ሳይውል ሳያድር ደረሳት። ሴራሚክ ነጋዴውን ይዛ መጥታ ግድግዳውን አስለካችው። እኔ መኪናዋ ሥር ተኝቼ የጫማቸውን ኮቴ እሰማ ነበር።

እልህ ያዘኝ። እሳት የሚረጨውን ካንዴላ አውጥቼ ሞተሯን በባትሪ አሽከረከርኳትና በቀዳዳው በኩል ጆሮዬን ደቀንኩ። ከሦስቱም ጎን የሚወጣው ትንፋሽ እኩል ነው፤ ፉ፣ ፉ፣ ፉ። ከፍ ዝቅ የለውም። እንግዲህ ቀጫጭኖቹ ደህና ናቸው፤ አገጣጠሜ አልበደለም። ወደ እሳቱ ሄድኩ፤ ካንዴላዎቹ በትክክል ይረጫሉ። ነዳጁን ለካሁ፤ ይደርሳል። የአየር ማጣሪያ ፊልትሮውን ፈታሁ፤ ንጹሕ ነው። የምትበላውን ትበላለች፣ የምትጠጣውን ትጠጣለች፣ ጉልበት ግን የላትም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለአባዬ ምሳ ሳስገባለት ቀና ብሎ ዓይኔን አየ። እሱም የራሱ ጭንቀት ነበረው።

«ጥሩምባዬ፣ ጆሮዬ እየከዳኝ ነው መሰለኝ» አለኝ። «ሰሞኑን የሞተሯ ድምፅ በደንብ አይደርሰኝም። በፊት አልጋዬ ድረስ ይመጣ ነበር።»

«ቀነሰ?»

«ቀንሷል። ትንፋሿን የምትውጥ ነው የምትመስለው።»

ሳህኑን እጁ ላይ ጥዬለት ወጣሁ። ለካ እኔ ሞተሯ አፍንጫ ሥር ቆሜ ስሠራ ልዩነቱ አልታወቀኝም። አስነሳኋትና ወደ ኋላዋ ዞሬ መዳፌን ማርሚታው አፍ ላይ ደቀንኩ። እጅ መግፋት ያለበት ትንፋሽ ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው እፍ ይላል። አጥፍቼ የማርሚታውን ቱቦ ከፊት በኩል፣ ከሞተሯ ሥር ፈታሁትና እንደገና አስነሳኋት።

ጋራዡ ጮኸ። ነዳጅ ስሰጣት ያለ ምንም መታፈን ሽቅብ ወጣች።

በዚያች ሰዓት ሽማግሌው ቀነ ገደቡ ደርሶ መኪናዋን ሊያስጭኑ መጥተው በር ላይ ቆመው ነበር። ጭምቱ ከጀርባቸው አለ። እኔ ማንንም ሰላም ሳልል ማርሚታውን በባትሪ መብራት አየሁ፤ ጥልቅ ውስጡ የማላውቀው ነገር ተሰክቷል። በሽቦ መንጠቆ ጎትቼ አወጣሁት። አንድ ክንድ የሚያህል የተበየደ ቱቦ ነው። ስገለብጠው ተቃጥሎ የተጠቀለለ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ዱብ ዱብ አለ።

«ይሄን ማን ነው የከተተው?»

ጭምቱ ከአጎቱ ጀርባ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ» አለ። «አባትሽ ሞተሯ ስትነሳ ብርድ ልብስ ፊታቸው ላይ ሲስቡ አየሁ። ጩኸቱ ልባቸውን የሚጎዳው መሰለኝ። ሆስፒታል የዋላችሁ ቀን በያጅ ጋ አሠርቼ ከተትኩት። በሰፈር ውስጥ ስነዳት ደህና ነበረች። ድምፅ ብቻ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር።»

በዝግታ ሲነዳት እውነትም ደህና ናት። ሜዳው ላይ ሲያጋላት ነው ሽቦው ተጨማትሮ መውጫውን የደፈነው። እሱ ደግሞ ነጂ እንጂ መካኒክ አይደለም።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ለምን አደረግከው ትይኛለሽ» አለ። «ከዚያ ሌላውንም መናገር ሊኖርብኝ ነው።»

አጎቱ መሀል ገቡ። ይሄ ጉደኛ ሞተሯ ከዚህ ጋራዥ ከወጣች ሌላ ነጂ ፈልጉ ብሎ እንዳስፈራራቸው፣ ሳምንቱን የታገሱትም በእሱ ምክንያት እንደሆነ ዘረገፉት። እኔ ዝም አለልኝ ብዬ የተቀየምኩት ሰው ለካ ቤቱ ገብቶ ሲሟገትልኝ ነው የከረመው። ዓይኔን ወዴት ላድርገው? እጄ ላይ ያለውን ቱቦ ማጥናት ጀመርኩ።

ማርሚታውን መልሼ ስገጥም የወረወርኩትን ሳጥን አምጥቶ ብሎኖቹን እያቀበለኝ ተቀመጠ። ሞተሯ ስትነሳ ሁለታችንም በመስኮቷ አየን። አባዬ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ። ጭምቱ ደንግጦ ሊያጠፋት ሲል እጁን ያዝኩት። ገብቼ ጠየቅኩ።

አባዬ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገ። «ብርሃን ሲኖር በደንብ አልሰማም» አለ። «ተዪኝ እስቲ፣ ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበረኝም።» ተመልሶ ተሸፋፈነ። ወዲያው ማንኮራፋቱ ተሰማ።

ውድድሩን ሁለተኛ ወጣን። አክስቴ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች፤ ሴራሚክ ነጋዴውንም ራሷ አሰናበተችው። ያን ቀን ለእሷም፣ ለቁጡው ሽማግሌም፣ ለዚያ በያጅም ሳይቀር ደግ ደጉን ተመኘሁ።

ጭምቱ ልጅዎን ይስጡኝ ብሎ አባዬን ሊጠይቅ የመጣ ዕለት ተናግሮ እስኪጨርስ ሻዩ በረደ። አባዬ አላቻኮለውም። ሲጨርስ ያን ቱቦ ከመስኮቷ ደፍ ላይ አነሳው፤ እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

«ለኔ ልብ ብለህ እንደሆነ ነግራኛለች። እግዜር ይስጥህ» አለው። «ልጄንም ውሰዳት፣ እሷ ከወደደች ምን እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ። ድምፅዋን እንዳትቀንስብኝ።»

ጭምቱ አንገቱን ደፍቶ ቃል ገባ። እስከ ዛሬም ጠብቆታል፤ ካላመናችሁ ሦስተኛው ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።