ማን ጠየቀን?

«ዛሬም ወንድ የሚባል የለም!» አለች ቲዩርማ፣ ለመምራት ያነሳቻቸውን እጆቿን እየጣለች።

ፊት ለፊቷ የቆሙት ጥቂት ሴቶች ብቻ ናቸው። የወንዶቹ ረድፍ ባዶ ነው። የሚለማመዱትን የትንሣኤ መዝሙር እንደ ነፍሷ ነው የምትወደው፤ ያለ ወፍራሞቹ የወንዶች ድምፆች ግን አያምርም።

«ምን አስጨነቀሽ?» አለች ጓደኛዋ ሩሞንዳንግ። «መሪዋ አንቺ ነሽ። ያልመጣ ይባረራ!»

ቲዩርማ የወጣት መዘምራኑ መሪ ሆና ስትመረጥ፣ መዝሙሩንም የልምምዱንም ሰዓት ራሷ ወሰነች፤ ከትምህርት ቤት መልስ ወዲያው። ያማከረችው ሩሞንዳንግን ብቻ ነበር። ሩሞንዳንግ ደግሞ «አሪፍ ነው!» ከማለት ውጪ አታውቅም።

ልጆቹ ሲበተኑ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ የሆኑት አጎቷ ማንጋራ መስኮት እየዘጉ ነበር።

«አጎቴ፣ እሑድ ስማቸውን ጠርቼ ላባርራቸው ነው።»

«ሮብዓም ትዝ ይልሻል?»

«የሰሎሞን ልጅ። ሕዝቡ ቀንበሩን አቅልልን ቢለው፣ ጭራሽ አከብደዋለሁ ያለው።» ከንፈሯን አሞጠሞጠች። «እኔ በማን ላይ ቀንበር ጫንኩ?»

አጎቷ ሳቁ። «እሱም እኮ ምክር ጠይቋል። የሰማው ግን አብሮ አደጎቹን ነው፤ ደስ የሚያሰኘውን ነገሩታ! ሕዝቡ ጥሎት ሲሄድ እንኳ አሁንም የሁሉም ንጉሥ የሆነ መስሎት ነበር።»

ቲዩርማ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

በቶባ ሐይቅ ዳር ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ሳኡትና ሁለት ጓደኞቹ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብለው ቀይ ሽንኩርት ሲነቅሉ አየቻቸው። ከልምምድ የሚቀሩት ወንድ መዘምራን እነሱ ናቸው። ልትቆጣቸው ወደ ማሳው ገባች።

«ኧረ አለቃ መጣች!» አለ ሳኡት። «ተነሱ እንጂ፣ እጅ ንሱ!»

«ለምን ትቀራላችሁ?»

«ሽንኩርቱ ሳይበሰብስ መነሳት አለበት። ከሰዓት ማን ይለቀናል?» ሳኡት ወገቡን ያዘ። «ደግሞ ያ መዝሙርሽ... ድምፄ እየተለወጠ ነው። ከፍ ሲል እንደ ዶሮ ነው የምጮኸው። ሰው ፊት መሳቂያ መሆን አልፈልግም።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ማን ጠየቀን?»

ፊቷ ጋለ። «መሪ አድርጋችሁ የመረጣችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?» ልትል አሰበችና ዋጠችው። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ተንበረከከች። አንድ ሽንኩርት ነቀለች፤ ከዚያ ሌላ።

«ልምምዱ መቼ ቢሆን ይመቻችኋል?» አለች በመጨረሻ።

ሦስቱም ባንዴ ተንጫጩ። አንዱ በጠዋት አለ፤ ሌላው ቅዳሜ፣ ከአሳ ማጥመድ መልስ። ሳኡት ግን፣ «ሰዓቱስ ግድ የለም፤ መዝሙሩ ይቀየር» አለ።

«አይሆንም!» ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በእጇ የያዘችውን ሽንኩርት አፈሩ እስኪረግፍ አራገፈች።

«እሺ» አለችው፣ ቀና ብላ። «የቱን እንዘምር?»