የዳማ ጎን

የክትባቱ ሰልፍ ላይ ከፊቷ ሁለት ፈረሶች ብቻ ቀርተዋል። ልጅቷ የፈረሳቸውን የቡላን ገመድ እጇ ላይ ጠምጥማ ወደ ኋላዋ ዞር ዞር ትላለች። የሚያውቃት ሰው ካያት ወሬው ቀድሟት ቤት ይገባል። አባቷ ፈረሱን ሳር ልታስግጥ የወጣች ነው የሚመስለው። ቡላ ግን ምንም ጭንቀት የለበትም፤ ጆሮውን ጥሎ ቆሟል፣ እንደ ልማዱ በግራ ጎኑ አንድ ፈረስ የሚያስቆም ቦታ ትቶ።

ያ ቦታ የዳማ ነው። ሁለቱ ለዓመታት አንድ ጋሪ ጎትተዋል፣ ዳማ በግራ፣ ቡላ በቀኝ። ዳማ አምና ሞተች። ቡላ ግን ዛሬም መንገድ ሲሄድ ቀኝ ጥጉን ይይዝና ቦታዋን ይጠብቅላታል። አባቷ ልጓሙን ሳብ እያደረገ ወደ መሃል ይመልሰዋል። ቡላ ትንሽ እሺ ይልና ደግሞ ወደ ጥጉ ይወጣል።

የእንስሳት ሐኪሟ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ዓይነት ነገር ስትደጋግም ድምጿ ተዘግቷል። እያንዳንዱን ፈረስ ወግታ ስታበቃ ለባለቤቱ ያንኑ ትነግረዋለች፤ ሁለት ሳምንት ይረፍ፣ ጋሪ የለም፣ ሩጫ የለም። ባለቤቶቹ አንገታቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ግማሾቹ መስማታቸውም ያጠራጥራል።

ተራዋ ሲደርስ ልጅቷ «ቢሮጥስ ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀች።

ሐኪሟ መርፌውን እንደያዘች ቀና አለች። «ክትባቱ ትንሽ ያተኩሰዋል። ትኩሳት ላይ እያለ ካስሮጡት ልቡ አይችልም። አምና በዚህ የሞቱ ነበሩ። ከዚያ መድኃኒቱ ገደላቸው ተባለ።»

ልጅቷ የቡላን ጋማ ያዘች።

አምና ሁለቱም ፈረሶች እዚሁ ሜዳ ላይ ተወግተው ነበር። ጋሪ ነጂዎች የራሳቸው ሕክምና አላቸው። የተወጋ ፈረስ ካላላበው መድኃኒቱ አንድ ቦታ ረግቶ ይቀራል ይላሉ። ስለዚህ ፈረሳቸውን ከሐኪም እጅ እንደተቀበሉ ዳገት ያስወጡታል። አባቷም ይህን የተማረው ከገዛ አባቱ ነው። የዚያን ቀን ቡላ ከሜዳው ሲመለስ ሰኮናው ላይ ሚስማር ወግቶት ስለነበር ጋጣ ቀረ። ዳማ ብቻዋን ተጠመደች። ልጅቷም ጋሪው ላይ አባቷ ጎን ተቀምጣለች። ነፋሱ ፀጉሯን ሲበትነው እየሳቀች «ጨምር፣ ጨምር» ትል ነበር። ዳማ አንገቷ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ሮጠች። አባቷ ደስ ብሎት ወርዶ ዳማን አቀፋት፤ መድኃኒቱ አሁን ደሟ ውስጥ ገባ አለ። በማግስቱም እንዲሁ አደረገ። ሳምንቱ ሳያልቅ ዳማ ጋጣው ውስጥ ወድቃ ተገኘች።

መርፌው በላት አለ አባቷ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ ክትባት ያነሳ ሰው የለም። ቡላ በዚያው መርፌ ተወግቶ ለምን እንዳልሞተ ልጅቷ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። አሁን መልሱ ሳትፈልገው መጣላት።

ገመዱን ሳብ አድርጋ ከሰልፉ ወጣች።

«ምነው?» አለች ሐኪሟ።

«አባቴ ይምጣ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ነገ እስከ ቀትር እዚሁ እንደምትቆይ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሰፈር እንደምትሄድ ነገረቻት። ክትባቱ የሚከላከለው በሽታ ከወንዙ ማዶ ደርሷል፤ የወተት አመላላሹን ፈረስ የገደለው እሱ ነው አለች። ልጅቷ ይህን ሰምታለች። ፈረሱ ከዓይኖቹ በላይ አብጦ፣ ባፍንጫው አረፋ እየወጣ፣ ጠዋት ታሞ ማታ አልነበረም።

ወደ ቤት ስትመለስ ከክፍሏ ልጆች ጥቂቶቹ መንገድ ዳር ቆመው አገኘቻቸው። «ጋሪዋ መጣች» አለ አንዱ። በትምህርት ቤት ስሟ ይህ ነው። የፈረስ ሽታ አለብሽ ብለው ሙድ ይይዙባታል፤ አብራት የምትቀመጠው ልጅም በዚሁ ሰበብ ቦታ ቀይራለች። ድሮ እንዲህ ሲሏት ማታ ለዳማ ትነግራት ነበር። ዳማ አገጯን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ትሰማታለች። ቡላ ደግ ነው፤ ግን ስታወራው ድርቆሹን ማኘኩን አያቆምም።

ቤት ማንም የለም። እናቷ አያቷን ልታስታምም ታናሽ ወንድሟን ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ወራት ተቆጥረዋል። ልጅቷ ስልክ ደወለችላት። ከጀርባ ወንድሟ ይስቃል፣ ቴሌቪዥን ይጮሃል። ልትነግራት ጀምራ «እማዬ፣ የዳማ ነገር…» ስትል እናቷ አቋረጠቻት።

«እባክሽ ልጄ፣ ዳማን አታንሺበት። እሷ ከሞተች ወዲህ አባትሽ ሰው አልሆነም። ሆድ ይፍጀው በይ።»

ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ይበልጥ ጭር አለ። ልጅቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሰው አምሯት ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ፣ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው የሚሰማት።

ካላስከተበች ቡላ እንደ ወተት አመላላሹ ፈረስ ሊሆን ነው። በድብቅ ካስከተበች አባቷ በማግስቱ ከዳቦ ቤት የሚያመላልሰውን ዳቦ ይጭንበታል። ካወቀ ደግሞ የባሰ ነው፤ መድኃኒቱ እንዲሰራጭ ብሎ ዳገት ያስወጣዋል። እውነቱን ከነገረችው ዳማን የገደልካት አንተ ነህ ማለቷ ነው። በዚህ ቤት ያላት እሱ ብቻ ነው። ይህን በምን አፏ ትነግረዋለች?

መላው የመጣላት ጋጣ ስትጠርግ ነው። የፈረሱን ሰኮና የምታጸዳው እሷ ናት፤ አባቷ በዚህ ሥራ አምኗታል። አሮጌ ጨርቅ ቀደደችና የቡላን የፊት እግር ጠቀለለችው። አባቷን ያነክሳል ትለዋለች። ይረፍ ይላል። ነገ በማለዳ ሜዳው ላይ ታስከትበዋለች፤ ሁለቱን ሳምንት ጨርቁን እየቀያየረች ታሳልፈዋለች። ፈረሱም ይድናል፣ አባቷም አይጎዳም። ውሸቱ ነውር የሌለበት ሆኖ ታያት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቷ መጣ። በዳቦ ቤቱ ዱቄት ቅንድቡ ነጥቷል። ጨርቁን አይቶ ጎንበስ አለና እግሩን በሁለት እጁ አነሳው።

«ምን ሆነ?»

«ድንጋይ ሳይወጋው አልቀረም። ያነክሳል።»

ጨርቁን አልፈታውም፣ አመናት። እግሩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረና ዳቦውን በእጅ ጋሪ እንደሚያመላልስ፣ ቡላ እስኪሻለው እንዲያርፍ ተናገረ። ነገሩ አለቀ፤ እንዲህ ይቀላል ብላ አላሰበችም ነበር።

አባቷ ግን አልወጣም። ድርቆሹ ላይ ተቀመጠ፣ ዳማ ትተኛበት በነበረው ቦታ። ቡላን ትክ ብሎ አየው።

«የታደለ ነው» አለ። «አምናም እግሩ ነው ያተረፈው። ያን ቀን እግሩን ባያመው ኖሮ እሱንም…»

ሳይጨርስ ተወው። መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ። ልጅቷ የቀረውን ቃል ጠበቀች፣ አልመጣም። መርፌው አላለም። አምና መርፌው በላት ያለ ሰው፣ አሁን ግን መርፌው አላለም።

ያን ጊዜ ገባት፤ እግሩ ቡላን ያተረፈው ከመርፌው ሳይሆን ከሩጫው ነው። አባቷ ያውቃል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አታውቅም፤ ግን ያውቃል። ብቻውን ይዞት ነው የኖረው፤ እራት ሲበሉ፣ መንገድ ላይ ልጓሙን ሲስብ፣ እሷ ተኝታለች ብሎ ጋጣው ደጃፍ ሲቆም። እሷ እንዳይጎዳ ብላ ዝም ልትል ነበር፣ እሱም እንዳትጎዳ ብሎ ዝም ብሏል። ሁለት ሰው በአንድ ቤት ውስጥ እንዲህም ብቻውን መሆን ይችላል።

ጨርቁ እንዳለ ቢቆይ ምንም አይጎድልም ነበር። ልጅቷ ግን ቡላ አጠገብ ተንበረከከችና ቋጠሮውን ፈታችው።

«አባዬ፣ እግሩ ደህና ነው።»

አባቷ ሰኮናውን አየ፣ እሷን አየ። እሷም ሁሉንም ነገረችው። ሜዳው ላይ እንደነበረች፣ በሽታው የት እንደደረሰ፣ ሐኪሟ ስለ ዕረፍትና ስለ ሩጫ ያለችውን፣ አንድ በአንድ። መሬት መሬት እያየች ስለነበር ፊቱ ምን እንደሚመስል አላወቀችም። ስትጨርስ የቡላ ማኘክ ብቻ ይሰማል።

«ላብ ያሰራጨዋል ነበር የሚባለው» አለ አባቷ በመጨረሻ። «አባቴም ሲያደርግ ያየሁት ነው። እንድትድን ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም አብሬህ ነበርኩ። ጨምር እያልኩህ።»

አባቷ እጁን ዘርግቶ ራሷን ወደ ትከሻው አስጠጋ። ዱቄት ዱቄት ይሸታል። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ እናቴ» አለ። «አንቺ ምንም አላደረግሽም።» ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፤ ማን ቀድሞ እንደጀመረ አይታወቅም። ቡላ እንኳ ለአንዴ ማኘኩን ተወ።

በነጋታው አባቷ ዳቦውን በእጅ ጋሪ አድርሶ በጊዜ ተመለሰ። ልጓሙን ከሚስማሩ አላወረደውም፤ ገመዱን ብቻ ቡላ አንገት ላይ አስሮ አወጣው። ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳነገተች ተከተለቻቸው። ቡላ መንገዱ ላይ እንደወጣ እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደና በግራው የዳማን ቦታ ተወላት።

አባቷ ገመዱን ሊስብ እጁን አነሳ። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ገመዱን ለልጁ ሰጣትና በቡላ ግራ በኩል ዞሮ ባዶው ቦታ ገባ። ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ ሦስቱም ጎን ለጎን ወደ ሜዳው ሄዱ።