የጋሽ ሲላስ እጅ

«ሃሌ...» አሉ ጋሽ ሲላስ፣ ክሩ በትከሻቸው ላይ አልፎ ወደ ኋላ ሲዘረጋ። ለአፍታ ጠበቁ። «...ሉያ!»

ክሩ ወደ ፊት ተመልሶ ውሃው ላይ ተነጠፈ። ጫፉ ላይ የታሰረችው ከዶሮ ላባ የተሠራች ዝንብ ከሁሉም በኋላ፣ ድምፅ ሳታሰማ ዐረፈች። ጣቢታ ይህን ውርወራ ስንት ጊዜ እንዳየችው አታውቅም፤ ባየችው ቁጥር ግን ትንፋሿን ትይዛለች። ሰው ሁሉ ዘንጉን እንደ ጅራፍ የሚያስጮኸው ይመስለዋል። አጎቷ ግን «የጮኸ ክር ዓሣ አይዝም» ይላሉ። የሳቸው ክር ጮኾ አያውቅም።

ዛሬ ግን ዝንቧን የሚነካት ጠፍቷል። ወንዙ ዳር የደረሱት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። አሁን አራት ሰዓት ሊሆን ነው፤ አንድም ዓሣ ብቅ አላለም።

ጋሽ ሲላስ የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። ባሌ ውስጥ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ የሚመጡ እንግዶችን እየመሩ ሃያ ዓመት ሠርተዋል። ጡረታ ሲወጡ አንድ የማጥመጃ ዘንግና አንድ ቆርቆሮ ሙሉ መንጠቆ ይዘው ወደዚህ መንደር፣ ወደ ሀቢቾ ገቡ። እዚህ ትራውት የለም። ነጭ ዓሣ ግን አለ፤ ክረምቱ ወጥቶ፣ በጥቅምት ውሃው ሲጠራ፣ እሱም እንደ ትራውት ዝንብ ለመያዝ ይዘላል። ይህን ለሀቢቾ ሰው ያሳዩት እሳቸው ናቸው። አምና ወድቀው ቀኝ እጃቸው ከተጎዳ ወዲህ መንጠቆው ላይ ላባ የምታስረው ጣቢታ ናት። ከቀይ አውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ ላባና የእናቷ የስፌት ክር ይበቃታል።

ማሰር ትችላለች። መያዝ ግን አልቻለችም። ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ወርውራ አንድም አልያዘችም። ክፍል ውስጥ «በዶሮ ላባ ዓሣ ይያዛል» ብላ በማውራቷ ልጆቹ ሙድ ይዙባት ጀመር። ስሟም «ዶሮ አጥማጇ» ሆነ።

ባለፈው ማክሰኞ የክፍል ጓደኛዋ ኤልያብ ነበር መላውን ያመጣው። «አቦ ምን ታካብጃለሽ፣ ብርብራ እያለልሽ!» አላት። የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣውን ያደነዝዘዋል። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ሁለቱ እዚህ መጥተው እጅ የሚያቀልመውን ቢጫ ዱቄት በተኑት። ብዙም አልቆየም፤ ዓሣዎቹ ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይንሳፈፉ ጀመር። ትልልቆቹን ለቀሙ። ጣት የማያህሉትን ግን ውሃው ይዟቸው ሄደ። ጣቢታ ለማየት ስላልፈለገች ፊቷን አዙራ ነበር።

ከለቀሟቸው ሁለቱን ለአጎቷ ወሰደችላቸው። «በቡናማዋ ዝንብ ያዝኳቸው» አለቻቸው።

ጋሽ ሲላስ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ግንባሯን ሳሟት። ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። «ኑ እዩ! የወንድሜ ልጅ በዝንብ ይዛ መጣች!» ያን ምሽት ሁሉ፣ እንግዶቹ ስድስት ወር ፈጅቶባቸው የሚማሩትን እሷ በስድስት ቅዳሜ ተማረች እያሉ ሲያወሩ አመሹ።

«ሃሌ... ሉያ።»

አሁንም ምንም የለም። ጋሽ ሲላስ ክሩን ቀስ ብለው ጠቀለሉትና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አዩት። ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«ዓሣውማ አለ» አሉ። «ረቡዕ አንቺ ይዘሻል። ውሃው ጥሩ ነው፣ ዝንቧም ጥሩ ናት። እንግዲህ የቀረው እጄ ነው።»

«ጋሼ...»

«ተይው። ማወቅ አለብኝ። ዓሣ የሰውን ዕድሜ አይቶ አያዝንም።» ዘንጉን አንስተው በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። «እንኪ። ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው።»

ጣቢታ ዘንጉን አየችው። እጀታው በሃያ ዓመት የእጅ ላብ ጠቁሯል። በዓለም ላይ ከዚህ ይበልጥ የምትመኘው ነገር አልነበረም። አብሯቸው መጥቶ ከጀርባዋ ሣሩ ላይ የተቀመጠው ኤልያብ፣ የእግሯን ተረከዝ በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት። «ተቀበያቸው እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ?» አለ በሹክሹክታ።

እጇን ብትዘረጋ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ማንም አያውቅም። አጎቷ ግን ከነገ ጀምሮ እጄ ሞቷል እያሉ ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ።

«እጅዎ አይደለም፣ ጋሼ» አለች። «እዚህ ዓሣ የለም። ረቡዕ ብርብራ ጨምሬበታለሁ። በዝንብ ይዤ አላውቅም።»

ጋሽ ሲላስ ዘንጉን እንደዘረጉ ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጉልበታቸው መለሱት። አልተቆጡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ትንንሾቹስ?» አሉ ቆይተው።

«እነሱም።»

ኤልያብ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል።

«ዱቄቱን የጨመርሽው የት ጋ ነው?»

«ከዚያ ዋርካ ሥር።»

ሽማግሌው ወደ ዋርካው፣ ከዚያም ከዋርካው በላይ ወዳለው ትንሽ ፏፏቴ አዩ። «መርዝ ሽቅብ አይሄድም» አሉና ተነሡ። ኑ አላሏቸውም። ጣቢታ ግን ተከተለች።

ከፏፏቴው በላይ ወንዙ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙን ቁጥቋጦ ስለያዘው ክር ወደ ኋላ የሚዘረጋበት ቦታ የለም። ጋሽ ሲላስ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው መሀል ገቡ። ዘንጉን ወደ ጎን አጋድመው፣ ክሩን ከውሃው በላይ ክንድ በማይሞላ ከፍታ አሳልፈው፣ በሁለት ድንጋዮች መሀል ባለች እንቅብ በምታህል ቦታ ላይ ዝንቧን አስቀመጧት። «ሃሌሉያ» እንኳ አላሉም። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ክሩ ግን አልተንቀጠቀጠም። ጣቢታ ይህን እንዴት እንዳደረጉት ሊገባት አልቻለም።

ውሃው ተገለበጠ። ዘንጉ ጎበጠ። ዓሣው ወደ ታች ሮጠ፣ ተመለሰ፣ ከድንጋይ ሥር ሊገባ ታገለ። እሳቸው አልጎተቱትም፤ ሲሮጥ ለቀቁለት፣ ሲደክመው ሰበሰቡት። በመጨረሻ በረጠበ መዳፋቸው ላይ ተጋደመ፤ ስሙ ነጭ ዓሣ ቢሆንም ወርቅማና ከባድ ነበር፣ ሆዱም በዕንቁላል ተወጥሯል። መንጠቆውን በሁለት ጣት ነቀሉለትና ጭንቅላቱን ወደ ላይኛው ውሃ አዙረው ለቀቁት።

«ይቺ የታችኛውን ውሃ በልጆቿ ትሞላዋለች» አሉ። «ሁለት ክረምት ይፈጅባታል።»

ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸና ኤልያብ ብቅ አለ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። «ጋሼ» አለ መሬት መሬት እያየ፣ «ብርብራውን የፈጨሁት እኔ ነኝ። ሐሳቡም የኔ ነው።»

«እጅህ ላይ ያለውን የብርብራ ቢጫ ረቡዕ አይቼው ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር» አሉት። ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለ። «ተቀመጥ። ጥላህን ከውሃው ላይ አንሣ።»

ከዚያ ወደ ጣቢታ ዞረው ዘንጉን ዘረጉላት። አሁን በአንድ እጅ ነበር፤ ለመሞከር እንጂ ለመውረስ አይደለም። «አንድ ጊዜ ወርውሪ እስቲ።»

ጣቶቿ ሊቀበሉት ተንቀሳቀሱ። ከዚያ እጇን ሰብስባ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

«ዛሬ እርስዎን ልይ፣ ጋሼ» አለች።

ኤልያብ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና ዓይኖቿን ከአጎቷ የእጅ አንጓ ላይ ሳትነቅል ቀጣዩን ውርወራ ጠበቀች።