በሦስተኛው መስመር የወደቀችው ሽጉጥ

ሽጉጥ ፈታኙ ሺናሲ የሞተው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ የመተኮሻውን ሜዳ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድበው ነው። ሚስቱ ኑርተን ስትደርስ በሦስተኛው መስመር ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ አገኘችው። ጥይቱ በአገጩ ሥር ገብቶ በማጅራቱ ወጥቷል። የጆሮ መሸፈኛው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከእግሩ አንድ እርምጃ ራቅ ብላ ሳምንቱን ሙሉ ሲፈትናት የሰነበታት አዲሷ ሽጉጥ ተጋድማለች። ሽጉጥ ሠሪው ሽማግሌ ጃሂት፣ በሙያው «ኡስታ» የሚባለው፣ ለዘበኛና ለገበሬ አቅም እንድትስማማ ብሎ የሠራት ርካሽ ሽጉጥ ናት፤ የከተማው ሰው «የድሃ ልጅ» ይላታል።

«ከእጁ ወደቀች፤ ስትወድቅ ተኮሰች» አሉ በቦታው የነበሩት።

«ደግሞ እዩዋት! መቆለፊያዋ እንደተቆለፈ ነው» አለ ነጋዴው ፈሪዱን እጁን እያወናጨፈ። «ተቆልፋ የምትገድል! ከዚህች ነው ሁለት ሺህ ልገዛ የነበረው!»

ኑርተን አላለቀሰችም። በቀብሩ ዕለት ሴቶቹ «ኧረ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ሲሏት «ጃሂት ጉድጓድ ሲገባ አለቅሳለሁ» አለች። ወንድሟ ሃይረቲን ይህን ሰማ። በሰባተኛው ቀን፣ ጸሎቱ እንዳበቃ፣ ሽጉጥ ይዞ የሽማግሌውን የጃሂትን በር እንደሚያንኳኳ በሰው ፊት ማለ። ከተማው ሁሉ አወቀ። ማንም ግን «ተው» አላለውም፤ በዚያች ተራራ ሥር ባለች ከተማ እንዲህ ባለ መሐላ መካከል የሚገባ ሰው የለም።

በአራተኛው ቀን ከትራብዞን ከተማ የፖሊስ ኢንስፔክተር ሙአዘዝ መጣች። አጭር፣ ደንዳና ሴት ናት፤ ከካፖርቷ ኪስ የተቆላ ለውዝ እያወጣች ትቆረጥማለች። ሃይረቲን በሩ ላይ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አያት።

«ወንድ አጥተው ነው ሴት የላኩልን?»

«ወንዶቹ ዝናብ ፈሩ» አለችና አልፋው ገባች። ኑርተን ፊት ተቀምጣ አንድ ማስታወሻ ደብተር ጭኗ ላይ አኖረችላት። «እህቴ፣ የባልሽን ጽሑፍ ሦስት ሰው አየው፤ አንድ መስመር ያነበበ የለም። ዶሮ የሄደችበት ነው የሚመስለው። እሱ የጀመረውን ፈተና እኔ ልጨርሰው ነው። አብረሽኝ ነይና አንብቢልኝ።»

«ምኑ ይጨረሳል? ገዳዩን ሁሉም ያውቀዋል።»

«እንግዲያው አብረሽኝ ብትመጪ ምን ትጎጃለሽ?»

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች በሦስተኛው መስመር ጠረጴዛ አጠገብ ቆሙ። ሲሚንቶው ታጥቧል። ኑርተን ወደ ታች ላለማየት ደብተሩን ወደ ፊቷ አስጠግታ አነበበች።

«‹ሦስት መቶ አርባ ጥይት ተኮስኩባት። ሁለት ጊዜ ብቻ ጥይት ነከሰች፤ ሁለቱም በመጀመሪያው ቀን ነው፣ የጥይት ካዝናው አዲስ ስለሆነ ይመስለኛል። ምላጯ ይከብዳል፣ ግን አይዋሽም። በሃያ እርምጃ አሥር ጥይት በመዳፍ ልክ ትሰበስባለች። መያዣዋ ላብ ባለው እጅ ያንሸራትታል፤ ለጃሂት ይነገር። መቆለፊያዋ ጎበዝ ነው፤ ሲቆለፍ የላዩን ተንሸራታች ብረት ጭምር ቀርቅሮ ይይዘዋል፣ ንቅንቅ አይልም። ለዋጋዋ ከጠበቅሁት በላይ ናት።›»

«የመጨረሻው መስመርስ?»

«‹የመጣል ፈተና፦ ዓርብ። መቶ ጊዜ።› መቶ የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።» ኑርተን ግንባሯን ቋጠረች። «ሁልጊዜ ሃምሳ ጊዜ ነበር የሚጥለው።»

«ሲጥላት ጥይት ጎርሳ ነው?»

«ያብዳል እንዴ! እርሳሱና ባሩዱ የወጣለት ቀለህ ነው የሚያጎርሳት። መርፌዋ ከመታችው ቂጡ ላይ ያለችው ቅንጣት ብቻ ጧ ትላለች፤ ማንንም አት...»

የራሷን ቃል ሰማችና አፏን ያዘች።

«ማንንም አትጎዳም» ብላ ጨረሰችላት ሙአዘዝ። «የሞተው ግን ሐሙስ ነው። በሙሉ ጥይት።»

ኑርተን አልወደደችውም። ንዴቷ ቤት አግኝቶ ነበር፤ የአንድ ሽማግሌ ደጃፍ ነበረው። አሁን ይህች ሴት እንደገና ዝናብ ላይ ልታወጣው ነው።

ሐሙስ ዕለት ከሺናሲ ሌላ በግቢው የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስቱም ለየብቻቸው ስለነበሩ አንዱ ለሌላው መመስከር አይችልም። ሙአዘዝ በተራ ጠራቻቸውና ለእያንዳንዳቸው «የድሃ ልጅ»ን ከሦስት ጥይት ጋር ሰጠቻቸው።

መጀመሪያ ጃሂት ኡስታ መጣ። ቆቡን አውልቆ ለኑርተን እጅ ነሣ፤ ፊቷን አዞረችበት።

«ሐሙስ ዕለት እዚያ መጋዘን ውስጥ ሻይ ስጠጣ ነበር» አለ። «አንድ ተኩስ ሰማሁ። መተኮሻ ሜዳ ላይ ተኩስ ቢሰማ ማን ይደነግጣል?»

«ይተኩሱልኝ እስቲ።»

«ልጄ፣ የምትፈትኚው ሽጉጧን ነው እኔን?»

«ሁለታችሁንም። ማን እንደሚከሽፍ እናያለን።»

ሽማግሌው ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። በግራ እጁ ተኮሰ፤ የቀኝ አውራ ጣቱን ከዓመታት በፊት የብረት መሞረጃ ማሽን በልቶታል። ሲጨርስ ካዝናውን አወጣ፣ ሽጉጧን ባዶ አድርጎ ከፍቶ አስቀመጠ። መቆለፊያዋ በግራ ጎኗ ብቻ ስለሆነ በግራ እጅ ለያዛት ሰው አውራ ጣቱ አይደርስበትም፤ ሊደርስበትም አልሞከረም።

«ኑርተን» አለ ሲወጣ፣ «ሃይረቲን ይምጣ። በሬን አልዘጋም። ግን ሽጉጤ አልገደለችውም።»

ቀጥሎ ፈሪዱን ሽቶው ቀድሞት ገባ። ሐሙስ ዕለት መኪናው ውስጥ ስልክ ሲያወራ እንደነበር ተናገረ። ሦስቱንም ጥይት ዓይኑን ጨፍኖ ተኮሰ፤ ዒላማው ምንም አልሆነም።

«ሽጉጥ ሻጭ ሆነህ ዓይንህን ትጨፍናለህ?»

«ዓሣ ሻጭ ሁሉ ይዋኛል እንዴ፣ ኢንስፔክተር?»

ሽጉጧን እንደ ትኩስ ድንች ጠረጴዛው ላይ ጣላትና እጁን በመሐረብ ጠረገ። ከኋላው ሃምሳ አለቃ ረምዚ፣ የሜዳው ኃላፊ፣ ሮጦ ደረሰ።

«ቆልፋት እንጂ፣ አንተ አህያ! ሰው አለ እኮ!»

«ባዶ ናት!»

«ባዶ ናት ብለው ነው ሰው የሚፈጁት!»

ረምዚ በጀንዳርማነት፣ በገጠር ፖሊስነት፣ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ቀጥ ያለ ሰው ነው። ከሺናሲ ጋር ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል፣ በየቀኑ ሻይ ተጣጥተዋል፤ ሬሳውንም የተሸከመው እሱ ነበር። ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሦስቱም መሐል ገቡ። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ክንዱን ዝቅ ሲያደርግ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ኑርተን ሰማችው፣ ግን ልብ አላለችውም።

«ሐሙስ ዕለት ዒላማ ለመቀየር ወዲያኛው ጫፍ ነበርኩ» አለ። «ተኩሱን ሰምቼ ስመጣ ወድቋል።»

«ሽጉጧን ነክተሃታል?»

«ሠላሳ ዓመት ሠርቼ? በጣቴ ጫፍ አልነካኋትም። ፖሊስ እስኪመጣ ሌላም ሰው አላስጠጋሁም።»

«ርግጠኛ ነህ?»

«እምላለሁ።»

«መሐላው ይቅር፤ እዚህ ላይ ፈርምልኝ።»

ፈረመ።

በሰባተኛው ቀን ጸሎቱ እንዳበቃ ሃይረቲን ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። መንገዱ ላይ ሙአዘዝ ቆማ አገኘችው። «በሩን አታንኳኳ፣ ሰውየው እዚያ የለም። መተኮሻው ጋ ነው። ና፣ እህትህም እዚያ ናት» አለችው።

መጋዘኑ ውስጥ ሁሉም ነበሩ። ጃሂት ቆቡን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ፈሪዱን ሰዓቱን ያያል፤ ረምዚ ቆሟል። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች አሉ። ኑርተን የወንድሟን ጃኬት ስታይ ወገቡ ላይ ያለውን አወቀች። አልከለከለችውም። እስካሁንም በሐሳቧ ከእሱ ጋር ነበረች።

«በቀላሉ እንጀምር» አለች ሙአዘዝ። «ሽጉጧ ወድቃ ተኮሰች ተባለ። ሺናሲ ግን የመጣል ፈተናውን ለዓርብ ነው የያዘው። በፈተናውም ሙሉ ጥይት አያጎርሳትም።»

«በድንገት አምልጣው ቢሆንስ?» አለ ፈሪዱን።

«ጥሩ ጥያቄ። ሲተኩስ ነበር እንበል። ታዲያ የጆሮ መሸፈኛው አንገቱ ላይ ምን ይሠራል? ሥራውን አቁሞ ከሰው ጋር እያወራ ነበር። ሦስታችሁም ግን አላናገርነውም ብላችኋል።»

ዝናቡ ጣሪያውን መታ።

«አሁን ወደ ሽጉጧ። ስትገኝ ተቆልፋ ነበር። ከተማው በዚህ ነው ኡስታን የፈረደበት።» «የድሃ ልጅ»ን አነሣችና ቆለፈቻት፤ ወደ ሃይረቲን ዘረጋችለት። «ጉልበት አለህ አይደል? የላዩን ብረት ሳበው።»

ሃይረቲን ሳበ። ጥርሱን ነክሶ ደገመው። ንቅንቅ አላለም።

«ተቆልፋ ብትተኩስ ኖሮ ይህ ብረት አይንሸራተትም ነበር። ካልተንሸራተተ ደግሞ ቀለሁ እዚያው ውስጧ ይቀራል። ሐሙስ ዕለት ግን ቀለሁ አራት እርምጃ ርቆ ግድግዳው ሥር ነው የተገኘው፤ ሁለተኛ ጥይትም ጎርሳለች። እንግዲህ ስትተኩስ ክፍት ነበረች። የተቆለፈችው ከተኩሱ በኋላ ነው። በማን? ሺናሲ ጥይቱ ማጅራቱን ሲሰብረው ጣቱን ማንቀሳቀስ አይችልም።»

ኑርተን ወደ ሦስቱ ሰዎች ዞረች።

«ሰው ገድሎ ሽጉጥ የሚቆልፍ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች ሙአዘዝ። «አስቦ አያደርገውም። ጣቱ ነው የሚያደርገው። ለዚህ ነው ሦስታችሁንም ያስተኮስኳችሁ። ኡስታ ጣቱ የለም። ፈሪዱን መቆለፊያ መኖሩንም የሚያስታውስ አይመስለኝም። አንደኛችሁ ግን ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቆለፈ። ሦስት ተኩስ፣ ሦስት ጠቅታ። ሲጠየቅም በጣቴ ጫፍ አልነካኋትም ብሎ ፈረመ።»

ሁሉም ወደ ረምዚ ዞሩ። ረምዚ አውራ ጣቱን እንደ ባዕድ ነገር እያየው ነበር።

«ምን አድርጎህ?» አለች ኑርተን። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም። «ረምዚ፣ ሻይህን እኮ ነው የሚጠጣው! ምን አድርጎህ?»

«ኦርሁንን» አለ።

ከስምንት ዓመት በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው የረምዚ ልጅ ኦርሁን ሰው ሠርግ ላይ ሲጨፍር ሽጉጥ ከወገቡ ወድቃ ተኮሰችና ገደለችው። ጃሂት በዚያን ጊዜ የሠራት ናት። የፈተናት ሺናሲ ነው፤ ወረቀቱ «አልፋለች» ይላል።

«ሻይ ይዤለት ሄድኩ» አለ ረምዚ። «መሸፈኛውን ከጆሮው አወረደና ‹ልነግርህ የሚገባኝ ነገር አለ› አለኝ። ‹ያችኛዋን ሃምሳ ጊዜ ስጥላት አንድ ጊዜ ጮኸች። አጋጣሚ ነው ብዬ አልጻፍኩትም። ይህችኛዋን መቶ ጊዜ እጥላለሁ› አለኝ። መቶ ጊዜ! አሁን! በልጄ መቃብር ላይ ስምንት ዓመት ከእኔ ጋር እጁን ዘርግቶ ሲጸልይ ኖሮ! አለቀሰ። ሽጉጧ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። እጄን እኔ አላዘዝኩትም።»

«ያን ጊዜ አላዘዝከው ይሆናል» አለች ሙአዘዝ። «ከዚያ ወዲያ ሲሚንቶው ላይ ያጋደምካት ግን አንተ ነህ። ሃይረቲን ሲምልም ሰማህ። አንዲት ቃል ታድነው የነበረውን ሽማግሌ ዝም አልክበት። ሁለተኛውን ጥይት በዚህ ልጅ እጅ ልትተኩስ ነበር።»

«አዎ!» አለ ረምዚ። «ልጄን የገደለችውን ማን ሠራትና? እሱም ይቅመሳት!»

ጃሂት ቆቡ ከጉልበቱ ወደቀ። «ወረቀቱ ላይ አልነበረም» አለ። «በአላህ፣ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።»

ሃይረቲን ሽጉጡን መዘዘ። ፖሊሶቹ ተንቀሳቀሱ፤ ሙአዘዝ ግን ዓይኗን ከኑርተን ሳታነሣ በእጇ አቆመቻቸው። ረምዚ የሸሚዙን ቁልፍ በጥሶ ደረቱን ገለጠ።

«ተኩስ! ወንድ ከሆንክ አሁን ገላግለኝ!»

ኑርተን ፊቱን አየች። ፍርሃት አጣችበት። የቸኮለ ሰው ነው፤ የሚጠብቀው ያለ ሰው ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ሺናሲ ከእንቅልፉ እየባነነ «ምንም አይደለም፣ ተኚ» ሲላት የኖረው ይህ እንደነበረ አሁን ገባት። ለእርሷ ያልነገራትን ለዚህ ሰው ነገረው። ለዚያም ሞተ።

«ሃይረቲን፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣት።»

«እህቴ፣ ይሄ እኮ...»

«አስቀምጣት አልኩህ! ደሙ የእኔ ነው፤ ለማንም አልሰጥም።»

ሃይረቲን አስቀመጣት። ኑርተን ረምዚ ፊት ቆመች።

«ወደ ልጅህ ለመሄድ ቸኩለሃል። አልሰድህም። ፍርድ ቤት ትቆምና ሺናሲ ያለህን አንዲት ቃል ሳታስቀር ትናገራለህ። ያልጻፈውን ትናገራለህ። ማልቀሱንም እንዳትዘልብኝ። ከዚያ ስትታሰር በየወሩ እየመጣሁ ፊትህ እቀመጣለሁ። አላወራህም። እውነቱን የነገረህ ዕለት እንደገደልከው እንዳይረሳህ ብቻ ነው የምመጣው። ዕድሜህን ያርዝመው፣ ረምዚ።»

ረምዚ ያን ጊዜ ነው የገለጠውን ደረት መልሶ በሸሚዙ የሸፈነው። ፖሊሶቹ ብብቱን ይዘው አወጡት።

ጃሂት ሊያመሰግናት ተነሣ። ኑርተን በጣቷ አስቆመችው።

«አንተም አልቀረልህም። ኦርሁንን የገደለችው ዓይነት በስንት ሰው ወገብ ላይ ናት?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ቆቡን አነሣ።

«አንድ በአንድ ትሰበስባቸዋለህ። ዛሬ ትጀምራለህ። አንዷ ብትቀር፣ ሃይረቲን አይደለም፣ እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

ጃሂት ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ሃይረቲን ያስቀመጣትን ሽጉጥ በግራ እጁ አነሣ፣ ካዝናዋን አወጣ፣ ጎኗን በጃኬቱ እጅጌ ጠርጎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋት።

«ይህችም አንዷ ናት» አለ።

ሃይረቲን ሽጉጧ የነበረችበትን ወገቡን በእጁ ይዞ ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ወደኋላ አፈገፈገ።