ምድር ቤት ኔትወርክ የለም

እናቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ እጇ ላይ የተጣበቀውን የማሽን ቅባት፣ ግራሶውን፣ በሳሙና እየፈተገች ነው። ቃሪያ ደግሞ ኩሽና ውስጥ ቆማ የእናቷን ስልክ ይዛለች። ሴቲንጉን ከፍታዋለች። «አንዱ ኔትወርክ ሲደክም ወደ ሌላው በራሱ ይቀየር» ከሚለው መስመር ጎን ትንሿ ቁልፍ አረንጓዴ ሆና በርታለች። አንዴ ነካ ማድረግ ብቻ ነው የቀራት፤ ጣቷ ግን እምቢ ብሏታል።

ቃሪያ የመዝገብ ስሟ አይደለም። ምላሷ ያቃጥላል ብላ እናቷ ያወጣችላት ነው፤ አሁንማ አስተማሪዎቿ ሳይቀሩ በሱ ይጠሯታል።

እናቷ ሊፍት ትጠግናለች። ሰው ሊፍት ውስጥ ሲታሰር መልእክቱ የሚመጣላት በኢንተርኔት፣ በመሥሪያ ቤቷ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሊፍቱ የሚወጣ የሚወርድበት ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ ድራሹ ይጠፋል። አምና ቃሪያ ይህን አይታ የሌላ ኩባንያ ሲም ካርድ ጨመረችላትና፣ የአንዱ ዳታ ሲሞት ስልኩ ራሱ ወደ ሌላው እንዲዞር አደረገችው። ከዚያ ወዲህ እናቷ ይህን ያላወራችለት ሰው የለም። ለባለሱቁም፣ ለጎረቤትም፣ ከሊፍት ላወጣቻቸው ሰዎችም ጭምር፤ ምስኪኖቹ ገና ላባቸው ሳይደርቅ!

ዛሬ ግን ቃሪያ ያንን መቀያየሪያ አምርራ ጠልታዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ የንግግር ውድድር አለ፤ ርዕሱ «የማደንቀው ሰው» ነው። የጻፈችው ስለ እናቷ ነው፤ እናቷ ይህን አታውቅም። ማንነቷን እስከ መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደብቃዋለች። አዳራሹ ምድር ቤት ነው፤ እዚያ የመጀመሪያው ኔትወርክ ዝር አይልም፣ ሁለተኛው ይሠራል። መቀያየሪያው ከጠፋ ማንም አይጠራትም፤ እናቷም እስከ መጨረሻው ትቀመጣለች። አምና በሽልማቱ ቀን የቃሪያ ስም ሊጠራ ሲል ተነሥታ ሄዳለች። ካቻምና ሜዳው ላይ በታየው ድራማ ቃሪያ ዛፍ ሆና ሳለ እንዲሁ። ዛፍ ደግሞ ቆሞ ከማየት በቀር ምን ያደርጋል?

«ዛሬ ዋናው ተረኛ ሌላ ሰው ነው» አለች ለራሷ። «እሷ ተጠባባቂ ናት። አንድ ቀን ብትቀር ሰማይ አይደፋም።»

ነካችው። አረንጓዴዋ ጠፋች።

«ስልኬን አየሽልኝ?» አለች እናቷ እጇን እያደራረቀች።

«ይኸውልሽ፣ እማ።»

«ቻርጅ አለው?»

«ጢም ብሏል።» ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው አዳራሹ ሞላ። እናቷ የተተኮሰ ሸሚዟን ለብሳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መተላለፊያው ዳር ተቀምጣለች። ቃሪያ ወረቀቷን ይዛ ከኋላዋ ስትደርስ፣ ከእናቷ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ ስልካቸውን ወደ ጣሪያው ከፍ ዝቅ እያደረጉ ነበር።

«እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ኔትወርክ የሚባል የለም» አሉ።

«እኔስ አላስብም፣ አባባ» አለች እናቷ። «ልጄ አስተካክላልኛለች፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይነሣል። ዓመት ሙሉ አንድም ጥሪ አምልጦኝ አያውቅም። የታሰረ ሰው ‹ሰምቼሃለሁ› የሚለው ድምፅ እንዴት እንደሚናፍቀው ቢያዩ! እሷ የነካችው ነገር ደግሞ አሳፍሮኝ አያውቅም።»

ይህን ብላ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ተዝናንታ ወደ ኋላ ደገፍ አለች።

ቃሪያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እናቷ እንዲህ ስትዝናና ያየቻት ስንት ጊዜ ነው? ያውም በውሸት! ዞራ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች።

«እማ፣ ስልኩን አንዴ ስጪኝ።»

«ምነው?»

«መቀያየሪያውን ጠዋት አጥፍቼው ነበር።»

እናቷ ስልኩን ከጭኗ አነሣች። «ለምን?»

«እስከ መጨረሻው እንድትቀመጪልኝ።»

ቁጣ ጠብቃ አንገቷን ደፋች። እናቷ ግን ስልኩን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላትና፣ ሌላውን እጇን ይዛ አጥብቃ ጨመቀችው። ጣቶቿ አሁንም ግራሶ ግራሶ ይሸታሉ።

«አንቺ ቃሪያ» አለች ቀስ ብላ። «ከጠሩኝ እኮ እሄዳለሁ።»

«አውቃለሁ።»

አረንጓዴዋን መልሳ አበራችና ስልኩን ሰጠቻት። ያመለጣት መልእክት አልነበረም። ሁለቱም እኩል ተነፈሱ።

ቃሪያ መድረኩ ላይ የወጣችው አራተኛ ሆና ነው። አምስት አንቀጽ፣ አምስት ደቂቃ፤ የአንቀጾቹን ቅደም ተከተል ያፋለሰ ነጥብ ይቀነስበታል። ሦስቱ ዳኞች የንግግሩን ቅጂ ይዘው በጣታቸው ይከተላሉ። የመጀመሪያው አንቀጽ አለቀ። በሁለተኛው ላይ፣ የማትደነግጠዋ ጀግና በረሮ አይታ ወንበር ላይ የወጣችበትን ቀን ስትተርክ አዳራሹ በሳቅ አወካ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው እናቷ ናት። ራሷን እንኳ አላወቀችም!

ያኔ የእናቷ ጭን ላይ ብርሃን ብልጭ አለ።

እናቷ አነበበች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ቦርሳዋን አንሥታ ብድግ አለችና ወደ መድረኩ ቀና ብላ ልጇን አየቻት። ዓይኗ ይቅርታ ይለምናል። ከዚያ ጎንበስ ብላ በመተላለፊያው ወደ በሩ መራመድ ጀመረች።

እስከ በሩ ቢበዛ ሃያ እርምጃ ነው። ቃሪያ ወረቀቷን አየች። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ገና ሦስት አንቀጽ ይቀራታል። ከዳኞቹ አንዷ ስክሪብቶ አንሥታለች።

ቃሪያ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችና ድምፅዋን አቅሟ እስከ ቻለ ከፍ አደረገች።

«የማደንቃት ሰው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ናት! አሁን አንድ የታሰረ ሰው ልታስፈታ እየወጣች ነው። እናቴ ናት!»

እናቷ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀጥ አለች። ዞረች። በመዳፏ አፏን ያዘች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ትሳቅ ታልቅስ ከመድረኩ አይለይም። ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ደረጃውን ስትሮጥ ኮቴዋ ተሰማ።

ዳኞቹ ወረቀታቸውን ያገላብጣሉ፤ የት እንደደረሰች ጠፍቷቸዋል። ቃሪያ ኮቴው እስኪርቅ ጠበቀችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይቅርታ» አለች። «ወደ ሦስተኛው አንቀጽ ልመለስ።»