የባሕር ዛፍ በላተኛ

ሀምዱ ከቤቱ ጓሮ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ሞቶ የተገኘው በሰባ ሰባት፣ በዚያ በክፉው የድርቅ ዓመት ነው። ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ሞላ ከደሴ ሲደርስ የሟቹን ሚስት ዘይቱናን እጇን በገመድ ታስራ አገኛት። ያሳሰራት የሟቹ ወንድም ጀላል ነበር።

«መርዛዋለች!» አለ ጀላል። «አፉን ያሽትቱት፤ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ዛሬውኑ ወስደው እስር ቤት ያስገቡልኝ!»

ሞላ ለችኩል ሰው ጆሮ የለውም። ጎንበስ ብሎ የሟቹን አፍ፣ ቀጥሎም ጣቶቹን አሸተተ። በጥርሶቹ መሃል አረንጓዴ ነገር ተሰክቷል። ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«ትናንት ምን አበላሽው?»

«ከኮምቦልቻ ያመጣትን የርዳታ ስንዴ ቀቀልኩ፣ ጌታዬ። ልጆቹ በሉ። እሱ በኋላ እበላለሁ አለ።»

«ልጆቹስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው። እኔን ከወሰዱኝ ግን ማን አላቸው?»

«ሰሞኑን ምን ያወራ ነበር?»

«ከመሠረተ ትምህርት ደስ ብሎት መጣ። ባሕር ዛፍ ብቻ በልታ፣ ውሃ እንኳ እምብዛም ሳትጠጣ የምትኖር እንስሳ አለች አለን።»

ሞላ ዛፎቹን ዞሮ አየ። ለጋ ቅጠላቸው የሰው እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ተሸምጥጧል። ፍየል ይህን ቅጠል አይነካም፤ ደግሞስ በመንደሩ የትኛው ፍየል ተረፈ?

አስተማሪው ቀለሙ ተጠርቶ መጣ። ጎረቤቱም ተሰበሰበ።

«ባሕር ዛፍ ስለምትበላ እንስሳ አስተምረሃል?»

«አዎ፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ። ስለ ኮኣላ፤ አውስትራሊያ የምትኖር፣ ልጇን በሆዷ ኪስ የምታሳድግ፣ አብዛኛውን ቀን ዛፍ ላይ ተኝታ የምትውል...»

«ቅጠሉ ለሌላው መርዝ መሆኑንስ?»

የቀለሙ ፊት አመድ መሰለ። «መርዙን የሚያበርድ ረጅም አንጀት እንዳላት፣ ግልገሏም ያንን ኃይል ከእናቷ ሆድ ካላገኘች ቅጠሉን መብላት እንደማትችል ልነግራቸው ስል፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለስብሰባ ጠራቸው። ሌላ ቀን እጨርሰዋለሁ አልኩ።»

ሞላ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ከዚያው ድስት የበሉት ልጆች ደህና ናቸው፤ ስለዚህ ምግቡ መርዝ የለበትም። የአፉ ሽታ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ባሕር ዛፍ ነው። ጣቶቹም እሱኑ ይሸታሉ፤ የሸመጠጠው ራሱ ነው። ጥርሱ መሃልም ቅጠሉ አለ። ገዳይ የለም። ድርሻውን ለልጆቹ ትቶ፣ እንስሳዋ የቻለችውን እኔም እችላለሁ አለ። ባዶ አንጀቱ አልቻለም።»

ቀለሙ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ። ጀላል ገመዱን ሊፈታ ሞከረ፤ ቋጠሮው ጠብቆ አቃተው። ሞላ ፈታላት። እሷ ግን ታስሮ የነበረ እጇን ዘወር ብላም አላየችው።

«በልተሃል ወይ ስለው፣ ወላሂ በልቻለሁ ይለኝ ነበር» አለች። «እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ለልጆቹ ሲል በአላህ ስም ይዋሻል እያልኩ አዝንበት ነበር።»

አስከሬኑ አጠገብ ተቀመጠች።

«አልዋሸኝም ለካ።»