በስንደዶ የተላከ እግር

«ግፋ እንጂ! ቆዳ እኮ ነው፣ ሲለበስ ይለቃል» አለ ጓደኛው ነገራ።

ታፋ ጥርሱን ነክሶ ገፋ። ጣቶቹ ጫማው ውስጥ ተደራርበው ተጣጠፉ፤ ተረከዙ ግን አሻፈረኝ አለ። እንደ ምንም አስገብቶ ሲቆም ሕመሙ እስከ ጉልበቱ ወጣ። ጥቂት ተራመደና ግድግዳ ያዘ።

ጫማውስ ጫማ ነበር። ሶሉ ወፍራም፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ጥቁር የወታደር ከስክስ። አፍንጫው ጠንካራ ስለሆነ ዶማ ቢያርፍበት እንኳ ጣት አያስነካም። በትንሿ ከተማቸው በሲሬ እንዲህ ያለ ጫማ የሚያደርገው ፖሊስ ብቻ ነው።

ታፋ ዘንድሮ የሚኒስትሪን ፈተና አልፏል። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ግን ነቀምቴ ነው፤ እዚያ ለመማር ደግሞ ቤት መከራየት ያስፈልጋል። ደግነቱ የአዲሱ ማዘጋጃ ቤት ግቢ ሥራ መጣ። የአውራጃው ገዢ ለምረቃ ከመምጣታቸው በፊት ቁጥቋጦው መመንጠር፣ ሣሩና ችግኙ መተከል፣ መንገዱም ዳርና ዳር በድንጋይ መከበብ አለበት። ካቦው ጋሽ መሸሻ ግን ያለ ጫማ ዶማ አያስይዙም። ዓምና አንድ ሠራተኛ በገዛ ዶማው ጣቱን ካጣ ወዲህ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። «ጫማ ስትገዙ ቁጢጥ ብላችሁ ተነሡ» ይላሉ። «ጣታችሁ ውስጡ ካልተንቀሳቀሰ ጫማ አይደለም፣ እግር ብረት ነው!»

የታፋ እናት ድርቤ በእጇ ያሳደገችውን ጠቦት ሸጠች። እንዲህ ያለ ጫማ የሚገኘው ነቀምቴ ነው፤ ታፋ ደግሞ በቆሎውን ኮትኩቶ ሳይጨርስ ንቅንቅ ማለት አልቻለም። ነገራ ግን አጎቱን ሊጠይቅ ወደዚያው መሄዱ ነበር። ስለዚህ ድርቤ እንደ ልማዱ ልጇን መሬት ላይ አስቁማ፣ እግሩን ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት በስንደዶ ለካችና ትንሽ ትርፍ ጨምራ ቆረጠችው። በሩቅ ገበያ ጫማ የሚገዛለት ሰው እግሩን የሚልከው እንዲህ ነው። ነጋዴው ስንደዶውን ጫማው ውስጥ ይከታል፤ ሳይጎብጥ ከተኛ ልኩ ነው። ስንደዶውም ገንዘቡም በነገራ እጅ ሄዱ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብሮ የተቀመጠ ጓደኛ ካልታመነ ማን ሊታመን ነው?

«ስንደዶው የት አለ?» አለ ታፋ አሁን ጫማውን እያወለቀ።

«መኪና ላይ ጠፋብኝ። ግን ጫማ ነጋዴው ኦቦ ኢዶሳ ከለኩበት በኋላ ነው። አንተ ታፋ፣ እግርህ በሳምንት ውስጥ አደገ እንዴ? እግር ነው ጀልባ?»

ታፋ ሳቀ። አፈረም። እውነትም እግሩ ትልቅ ነው፤ ክፍል ውስጥም ይቀለድበታል።

ነገራ ጫማውን ወስዶ በራሱ እግር ሞከረው። ሰተት ብሎ ገባ። «አየህ፣ ለእኔ ልክ ነው። ማሎ፣ እባክህ፣ ገንዘቡ ከሚባክን እኔ ላድርገውና ሥራውን ልግባ። ከደሞዜ ሌላ እገዛልሃለሁ።»

«እስከዚያ ቦታው ይሞላል እኮ።»

«ታዲያ ሁለታችንም ከምንቀር አንዳችን ብንገባ አይሻልም?»

የተንኮል ክፋቱ ይኸው ነው፤ ምክር መስሎ ይመጣል። ታፋ «እስከ ገበያ ቀን ላስብበት» ብሎ ጫማውን አስቀረ።

በገበያው ዕለት ኦቦ ኢዶሳ ራሳቸው ጫማቸውን በጭነት መኪና ጭነው ሲሬ ድረስ መጡ። ካቦው ያለ ጫማ እንደማይቀጥሩ ወሬው ነቀምቴ ደርሶ ኖሯል። ታፋ ከስክሱን ታቅፎ ሄደ።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ኢዶሳ? ማሎ፣ ይህን ይቀይሩልኝ፤ ጠበበኝ።»

ኦቦ ኢዶሳ ጫማውን አገላብጠው አዩ፤ ቀጥለው የታፋን እግር አዩ። «ይህ እንዴት የአንተ ይሆናል? የገዛኝ አጠር ያለ፣ ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ነው። ስንደዶ ይዞ መጣ፤ በስንደዶው ልክ ሌላ ጫማ አወጣሁለት። እሱ ግን ያንን ወዲያ ብሎ ይህን አጠለቀ። ቁጢጥ አለ፣ ተነሣ፣ ዘለለ። ‹ልጄ፣ ስንደዶው እኮ ይረዝማል› ስለው ‹ግድ የለም፣ ለእኔ ነው› ብሎ ሰባብሮ ጣለው።»

«ሰባብሮ?»

«ዱጉማ፣ እውነቴን ነው! በዓይኔ አየሁት።»

ታፋን ነገራ ገንዘቡን በልቶት ቢመጣ እንኳ እንዲህ አያንገበግበውም ነበር። «አደገ እንዴ?» ብሎ አሳቀው፤ እሱም ሞኙ አብሮ ሳቀ፤ በገዛ እግሩ አፍሮ ሰነበተ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። የታፋ ፈረስ ግን ከጣለው በኋላም አልተወውም፤ «ስትቀመጥ ከብደኸኝ ነው» ብሎ አሳመነው። ገበያ መሀል እንዳያለቅስ አንገቱን ደፋ።

ኦቦ ኢዶሳ ነገሩ ገባቸው። ከክምሩ ሥር አንድ ቡናማ ጫማ መዘዙ። የመንገድ ሠራተኛ ያደረገው፣ ጎኑ የተሰፋ፣ ማሰሪያው ሲባጎ ነው። «ያን ጊዜ በስንደዶህ ልክ ያወጣሁት ይኸውልህ። በዚያ ለውጠህ ውሰደው።»

ታፋ አጠለቀው። ቁጢጥ ብሎ ተነሣ። ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ፤ ተረከዙም አልተንሸራተተም። አፍንጫውን በድንጋይ መታ መታ ሲያደርገው አልሰረጎደም።

«አያምርም» አሉ ኦቦ ኢዶሳ።

«ይሁን። ይመቻል።»

ነገራ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ በሸራ ጫማ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። «ጫማዬስ?» አለ ገና ከሩቅ። ከዚያ ታፋ እግር ላይ ያለውን አየ፤ ለየውም። ፊቱ ጠቆረ።

«ኢዶሳ መጥተዋል እንዴ?»

«መጥተዋል።»

ነገራ መሬት መሬት አየ። «አንተ ጠቦት የምትሸጥልህ እናት አለችህ። እኔስ? እኔም እኮ ነቀምቴ መማር እፈልጋለሁ።»

«ብትነግረኝ በእኔ ልክ የተገዛውን ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት አንተ እናደርገው ነበር። ጨርቅ ጠቅጥቀህበትም ቢሆን» አለ ታፋ። «አንተ ግን እግሬን ሰባብረህ ጣልከው።»

ጋሽ መሸሻ ብቅ አሉ። የታፋን ጫማ በአውራ ጣታቸው ተጭነው አዩና «ጎሽ፣ ግባ» አሉ። ወደ ነገራ ዞረው፣ «አንተ በዚህ ሸራ ዶማ አትይዝም። ግን ችግኝ የሚሸከም ያስፈልገኛል። በዚያውም ነቀምቴ እየሄደ ዘርና ሚስማር የሚገዛልኝ ባገኝ ደሞዙን ከፍ አደርግለት ነበር» አሉ። ታፋን አዩት። «ጓደኛህ ነው አይደል? በገንዘብ ይታመናል?»

ነገራ ቀና ብሎ ታፋን አየው። ታፋ ራሱን በእሺታ ቢነቀንቅ ነገሩ ያልቃል። ነገራ የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲመጣ፣ ነገራ መስኮት ሲሰብር፣ ሁልጊዜም ሲነቀንቅለት ኖሯል።

«ችግኝ ይሸከም፣ ጋሼ» አለ ታፋ። «ገበያ ግን አይላክ።»

ጋሽ መሸሻ ሁለቱንም በየተራ አዩና «ይሁን» አሉ። ታፋ ዶማ አነሣ።

«ታፋ» አለ ነገራ ከኋላው።

ታፋ ሰማው። ቆም አለ። ከዚያ ሳይዞር ማንም ወዳልደረሰበት የግቢው ጥግ ሄደና ቁጥቋጦውን ከሥሩ መቆፈር ጀመረ።